ጸጉር ያለበት ብስባሽ

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ስለ ብስባሹ መጀመሪያ የጠየቀኝ ዋርሳዬ፣ ወንድሙ ነው። የግቢው በር ላይ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሞ ክምሩን አየው።

«ይሄን ምን ልታደርጊው ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«እህቴ፣ ግቢው የጋራችን ነው። ለጋራዥ የሚከራይ ሰው አግኝቻለሁ። ብስባሹን እቀጥላለሁ ካልሽም አልከለክልሽም፤ ግን መጀመሪያ ዞር ዞር ብለሽ ገበያውን እዪ። በተለይ ባለ አበባዋን፤ ሰው ሁሉ ብስባሽ የሚገዛው ከሷ ነው አሉ። እሷን ካልቻልሻት አለቀ። እሁድ ትነግሪኛለሽ።»

«እሺ» አልኩት። ያን ሰሞን ብዪ ሲሉኝም እሺ፣ ተኚ ሲሉኝም እሺ ነበር መልሴ።

ባለቤቴ ክምሩን በመንሽ ሲገለብጠው እንፋሎት ይወጣው ነበር። የበሰለውን ጋሪ ላይ ጭኖ ይሄዳል፣ ባዶ ጋሪ እየገፋ ይመለሳል። ስለ ደንበኞቹ አያወራም። ከሱ ወዲህ ክምሩን የነካው የለም።

ገዢ መስዬ ወጣሁ። ዋናው መንገድ ላይ ያለው ችግኝ ሻጭ ቅጠል የተሳለበት ከረጢት ከፈተልኝ። እንደ ባለቤቴ ጭብጥ አድርጌ ጨመቅኩት፤ ውሃው በጣቶቼ መሃል ወረደ። ሽታው ሽንት ሽንት ይላል።

«ይሄ አልበሰለም» አልኩት።

«እትዬ፣ ሊበሉት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ከሲሚንቶ ሻጩ ዘንድ ያለው ደግሞ ከግማሽ በላይ አፈር ነው። ባለቤቴ ቢያየው «አፈር ለአፈር ይሸጣሉ» ይል ነበር።

ባለ አበባዋ ቀረች። ጠባብ ሱቅ ናት፤ ወለሉ እርጥብ፣ ባልዲዎቹ በግድግዳው ጥግ የተደረደሩ፣ መቀሱ ጠረጴዛው ላይ በሲባጎ የታሰረ። ወፍራም ሴት አንድ እጇ ላይ ብቻ ጓንት አድርጋ ብቅ አለች።

«ምን ልስጥሽ እናቴ?»

«ብስባሽ ነበር።»

«እድለኛ ነሽ፤ የመጨረሻዋ ናት።»

ጨመቅኩት። ኳስ ሆነ፤ በጣቴ ስነካው ፍርስ አለ። ዝናብ የነካው መሬት ይሸታል። አለቀ፣ ጋራዥ ነው አልኩ በልቤ። አላዘንኩም፣ እፎይም አላልኩም። እጄን ላራግፍ ስል አንድ ነገር ጣቶቼ መሃል ተያዘ።

ጸጉር ነው። ጥቁርና ሽበት የተቀላቀለበት ቁንጥር።

ከበራችን ፊት ለፊት ጸጉር አስተካካይ አለ። ባለቤቴ የተጠረገውን ጸጉር በጆንያ እያመጣ ክምሩ ላይ ይደፋዋል። «ጸጉር ቶሎ አይበሰብስም፣ ሰው ምን ይለናል? ተው!» እለዋለሁ። «ከሰው ጭንቅላት የሚወጣው ሁሉ ከንቱ አይደለም» ብሎ ይስቃል። የራሱንም የሚቆረጠው እዚያው ነበር።

«ይቅርታ እናቴ፣ ጸጉር አያጣውም» አለች ባለ አበባዋ። «የሚያመጣልኝን ሰውዬ ጸጉሩን ተው ብዬ ስንቴ ለመንኩት! ችክ ያለ ነው። ግን የሱን የሚያህል የለም፤ በራሴ ከረጢት ገልብጬ ነው የምሸጠው። አሁን ድምጹ ጠፋ፤ ስልኩም ዝግ ነው። ሌላ ደንበኛ አግኝቶ ይሆናላ።»

«ሞቷል» አልኳት። «ባለቤቴ ነው።»

ጓንቷን አወለቀች።

«አፌን በቆረጠው! ነፍስ ይማር... እግዜር ያጽናሽ።» ከረጢቱን አስራ አስታቀፈችኝ። በሩ ድረስ ሸኘችኝና አመነታች። «አሁን ጊዜው አይደለም፤ ግን... ከእንግዲህ ማን ያመጣልኛል?»

ከረጢቱን እንዳቀፍኩ ወጣሁ።

እሁድ ዋርሳዬ መጣ። «እህስ? ተወዳዳሪ አለ?»

«አንድ ጠንካራ አለ።»

«ባለ አበባዋ፣ አይደል? ብዬሽ ነበር።»

«ወንድምህ ነው። የምትሸጠው የሱን ነው።»

አልገባውም። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። የጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ለኔ እንኳ አልነገረኝም» አለ።

«ለኔም።»

ከጋሪው ተነሳ። «ጋራዥ የሚፈልገውን ሰውዬ ምን ልበለው?»

«ሌላ ቦታ ይፈልግ በለው።»

መንሹን አነሳሁ። ላዩ ደርቆ ነበር፤ ወጋሁትና ገለበጥኩት። እንፋሎት አልወጣውም። እጄን አስገባሁ፤ ውስጡ ለብ ይላል።

ጸጉር አስተካካዩ ጆንያውን ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሟል። ልጣለው ወይስ ላምጣው ብሎ ሰሞኑን ሲያጠራቅም ከርሞ ኖሯል።

«አስገባው» አልኩት። «ግን በስሱ በትነው።»