የሲፋን መመረጥ

ሰብሪና የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ሁለተኛ በረኛ ሆና ስድስት ዓመት የተቀያሪዎች ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዋናዋ በረኛ ጉልበቷን ታማ ስትወጣ የላንቻ ጎረቤቶቿ ሳይቀሩ «በቃ፣ ተራሽ ደረሰ!» አሏት። አሰልጣኝ ደጋጋ ግን ለማጣሪያው ጨዋታ ሲፋንን መረጡ። ሲፋን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በሊጉ የተሰለፈችው አራት ጊዜ ብቻ ነው።

ሰብሪና የሲፋን ስም ሲጠራ አጨበጨበች። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውሃውን ከፍታ አለቀሰች።

ይባስ ብሎ፣ ቡድኑ ባረፈበት የካዛንቺስ ሆቴል ሁለቱን አንድ ክፍል መደቧቸው። ሲፋን ጫማዋን ስታስር ታንጎራጉራለች፣ ፀጉሯን ስትሠራ ታንጎራጉራለች። ጋዜጠኛ ይደውልላታል። ለሰብሪና በስድስት ዓመት ውስጥ የደወለ ጋዜጠኛ የለም። የልጅቷ ረጃጅም እጆች፣ አለመፍራቷ፣ እንቅልፏ ሳይቀር ያበግናት ጀመር።

አንድ ቀን ከሜክሲኮ በታክሲ ስትመጣ ሬዲዮው ስለ ሲፋን ያወራል።

«ልምድ የሌላት ልጅ ለኢንተርናሽናል ጨዋታ? ማለቴ፣ አገር ነው እኮ የሚጫወተው!» አለ አንዱ።

«ካላሰለፏት ልምዱን ከየት ታምጣው?» አለ ሌላው።

ሰብሪና የመጀመሪያው ሲናገር ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛው ሲቀጥል «ወራጅ አለ!» ብላ ሳትደርስ ወረደች።

የጨዋታው ዕለት ከምሳ በኋላ ሲፋን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ «ሰብሪዬ፣ ከግራ ኮርነር ሲመታ ኳሱ በላዬ ያልፋል። የት ብቆም ይሻላል?» አለቻት።

ሰብሪና መልሱን ታውቀው ነበር። ልጅቷ ወደ ቅርቡ የጎል ቋሚ በጣም ትጠጋለች፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብትል ይበቃታል። ልምምድ ላይ ይህን ካየች ሁለት ሳምንት ሆኗታል።

«እንደለመድሽው ቁሚ» አለቻት።

በሠላሳኛው ደቂቃ ከግራ የተመታው ኮርነር በሲፋን ጣቶች ላይ አልፎ በግንባር ተገጭቶ ገባ። ስታዲየሙ አጉረመረመ። ቀጥሎ ከጥላ ፎቅ በኩል «ሰብሪና ትግባ! ሰብሪና ትግባ!» የሚል ድምፅ ተነሣ። ስድስት ዓመት የተመኘችው ድምፅ ነው። ደረቷ ሞቀ። ቀና ስትል ግን ሲፋን ከጎሉ ሆና እሷን ታያለች፤ «የት ልቁም?» እንደ ማለት ሁለት እጇን ዘርግታለች። ሰብሪና ጎንበስ ብላ ያልተፈታ የጫማ ክሯን አሰረች።

ዕረፍት ላይ ደጋጋ መልበሻ ክፍል ገብተው፣ «ሰብሪና፣ ተሟሟቂ፤ ትገቢያለሽ» አሏት።

ሲፋን ጥጉ ላይ ፊቷን በፎጣ ሸፍና፣ «ሰብሪ እንዳለችኝ ነው የቆምኩት፤ እኔ ነኝ ያልቻልኩበት» ትላለች።

ሰብሪና ጓንቷን አጥልቃ ነበር። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች።

«ኮች፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም» አለች። «የት መቆም እንዳለባት ጠይቃኝ ነበር። እያወቅኩ አልነገርኳትም።»

ደጋጋ በእጃቸው ወደ ሲፋን አመለከቱ።

«አሁን ንገሪያት» አሉ። «ከዚያ ጃኬትሽን ልበሺ። የምትቀጥለው እሷ ናት።»

ሰብሪና ነገረቻት። በሁለተኛው አጋማሽ አራት ኮርነር ተመታ፤ ሲፋን አንዱንም አላሳለፈችም። ቡድናቸውም አንድ አግብቶ ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ።

ሆቴል ሲመለሱ ሲፋን ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ትከት ጀመር።

«ለምን ግን? ምን አድርጌሽ?» አለች ሳታያት።

«ምንም አላደረግሽኝም። ቀናሁብሽ። አሁንም እቀናለሁ።»

ሲፋን ሻንጣዋን ዘግታ ወደ ሌላ ክፍል ሄደች። ሁለት ቀን አልተነጋገሩም። ደጋጋም ለመልሱ ጨዋታ ሲፋን እንደምትሰለፍ ተናገሩ።

በሦስተኛው ቀን ልምምድ ላይ ልጅቷ ራሷ መጥታ ኳስ አቀበለቻት።

«ምቺልኝ» አለቻት። ፊቷ አልተፈታም።

ሰብሪና መታችላት፤ ሲፋን ያዘችው። ጠንከር አድርጋ መታች፤ ያንንም ያዘችው። ሰብሪና ውስጧ በቅናት እየነደደ ሦስተኛውን ኳስ አስተካክላ አስቀመጠች።