የፍሬኑ ጆሮ

የተቀናቃኙ የእሽቅድምድም ቡድን መኪና ለልምምድ ከጋራዡ ወጥታ በፊታቸው ስታልፍ፣ መካኒኮቹ መጀመሪያ የፊት ጎማዋን፣ ቀጥሎ አጠገባቸው የቆመችውን የሥራ ባልደረባቸውን አዩ። ከጎማው በስተውስጥ፣ ፍሬኑን በነፋስ የምታቀዘቅዘው ቱቦ አፏን እንደ ላም ጆሮ ወደ ኋላ ጠምዝዛ ብቅ ብላለች። ያቺን ጆሮ የካርቦን ጨርቅ አንጥፋ፣ በሙጫ አርሳ፣ ምድጃ አስገብታ ያወጣቻት እሷ ነበረች። የራሳቸው መኪና እንኳ ገና አደባባይ ይዛት አልወጣችም። ተቀናቃኞቹ ከሩቅ አይተው ቀዱን እንዳይባል፣ የሚያዩት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወደየሥራቸው ዞሩ።

እስከዚያ ቀን ድረስ የጋራዡ ሰው ሁሉ “ወርቄ” ነበር የሚላት፣ እጅሽ ወርቅ ነው ለማለት። ከዚያ ወዲያ “እሷ” ሆና ቀረች። ምሳ ላይ የተቀመጠችበት ጠረጴዛ ቀስ እያለ ይራቆታል፤ አንዱ ስልክ መጣብኝ ይላል፣ ሌላው ውሃ ላምጣ ብሎ እንደወጣ ይቀራል። አንድ ጠዋት መፍቻዎቿ ከቦታቸው ተዛንፈው ብታገኛቸው የመሣሪያ ሣጥኗ እንደተፈተሸ ገባት። መልሳ ደረደረቻቸውና ሥራዋን ቀጠለች።

ዐርብ ዕለት ዋናው ኢንጂነር ቢሮው አስጠራት። ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራ ያስተማራት እሱ ነው፤ ሲጨንቀው መነጽሩን ይጠርጋል፣ ያን ዕለትም ሲጠርግ ነው የቆየው።

“የጆሮዋን አሠራር እስከ ዝርዝሩ የምናውቀው እኔ፣ የቡድኑ ባለቤትና አንቺ ነን” አላት። “እኔ አልሸጥኳትም። ባለቤቱም የራሱን ዕቃ አይሰርቅም።”

“እኔም አልሸጥኩም።”

“እኔስ አምኜሻለሁ። የቡድኑ ጠበቃ ግን አያውቅሽም። ሰኞ ምስጢሩን ያወጣውን ሰው ስም ይዘሽ ነይ። ካልሆነ ልከላከልልሽ አልችልም።”

ስትወጣ ለማን እንዳወራች አሰበች። ሐሳቡ ብዙ መንገድ አላስኬዳትም። ትዳሯ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ጓደኞቿም በየውድድሩ ስትዞር አንድ በአንድ መደወል ትተዋል። የቀራት አባቷ ብቻ ነው። ሁልጊዜ ከሥራ ስትወጣ አውቶቡስ እስክትይዝ ድረስ ትደውልለታለች። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይኛው ቤት ብቻውን ይኖራል፤ ዳሌውን ስለሚያመው ደረጃውን ከወረደ መመለሱ ጭንቅ ነው። በወጣትነቱ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ያውቃልና፣ ስለ ፍሬን ሲወራለት አይጠግብም። ጆሮዋ የተሳካች ቀን ከደስታዋ ብዛት አንድ ሳታስቀር ነግራዋለች። ለማንም እንዳይናገር ስታስጠነቅቀው በስልኩ ውስጥ ሳቀ።

“ለማን እናገራለሁ ልጄ? ለግድግዳው?”

ቅዳሜ ሳትደውል ሄደች። አባቷ ጢሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በሩን ከፈተላት። እንግዳ አለኝ አላት፣ ፊቱ እየበራ። እንግዳውን በወሬ ታውቀዋለች። የሚከራይ ክፍል ፍለጋ መጥቶ በስሕተት የአባቷን በር ያንኳኳ፣ ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ለዳማ የሚመጣ ሰው ነው። አባቷ ሲያወራላት ከልቧ ሳትሰማ፣ ‘እንኳን ሰው አገኘ’ ብላ አልፋዋለች።

ሰውየው ከዳማው ገበታ ቀና አለ። ውድድር ባለ ቁጥር ከተቀናቃኙ ጋራዥ ፊት ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ የሚቆመው ኢንጂነር ነበር። እሱም አወቃት። ያነሳው ጠጠር በእጁ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

“ይቺትልህ” አለ አባቷ፣ ትከሻዋን አቅፎ። “ፍሬን በጆሮ ያስተነፈሰችው ልጄ!”

ሰውየው ተነሥቶ እጅ ነሳት። ጨዋታው እስኪያልቅ መስኮቱ ጋ ቆማ ጠበቀች። አባቷ አሸንፎ እንደ ልጅ ሳቀ። እንግዳው ኮቱን ሲያነሣ “እኔ ልሸኛቸው” ብላ ተከተለችው።

ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ቆመ። “መጀመሪያ የመጣሁት ለሥራ ነው” አላት፣ ሳትጠይቀው። “አባትሽ መሆናቸውን አውቄ። የፈለግነውን ካገኘን ግን ቆየ። አለቆቼም በቃህ ብለውኛል።”

“ታዲያ ዛሬ እዚህ ምን ይሠራሉ?”

“ዳማውን ደርድረው ይጠብቁኛል” አለ። “እኔን ሌላ የሚጠብቀኝ ሰው የለም።”

በጥፊ ብትለው ደስ ባላት። ይበልጥ ያናደዳት ግን ቃሉን ማመኗ ነው። ስሙን ብትሰጥ ጠበቃው ይህን ደረጃ ሲወጣ ታያት። አባቷን ቁጭ አድርጎ ምን እንዳወራ፣ መቼ እንዳወራ ሲጠይቀው፤ አባቷም ያ ሰው የመጣው እሱን ብሎ እንዳልነበረ፣ ልጁንም ያስጠረጠራት የገዛ አንደበቱ እንደሆነ ሲገባው።

“ስሜን ትሰጫቸዋለሽ?” አላት።

“በሚመጣው ቅዳሜ ይመጣሉ” አለችው። “ከዚያ በኋላም አይቀሩም። ስለ መኪና አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ግን ስምዎን ለጠበቃው የምሰጠው እኔ ነኝ።”

አንገቱን ደፍቶ ወረደ። የታችኛው በር ሲዘጋ ከሰማች በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ለዋናው ኢንጂነር ደወለች። ስም እንደሌላት፣ ነገሩ የወጣው ከራሷ አፍ እንደሆነ፣ ሰኞ መሣሪያዎቿን ልትወስድ እንደምትመጣ ነገረችው። ለማን እንዳወራች ደጋግሞ ጠየቃት። ለሰው ነው ከማለት ሌላ መልስ አልሰጠችውም። ስልኩን የዘጋው ደህና ሁኚ ሳይላት ነው።

ስትመለስ አባቷ ጠጠሮቹን እየለቀመ ነበር።

“ጨዋ ሰው አይደል?”

“ነው አባባ። ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል።”

“እስቲ አረፍ በይና አጫውቺኝ” አለ፣ ወንበር እየሳበላት። “ሥራ እንዴት ይዞሻል? አዲስ ነገር የለም?”

የሆዷን ሁሉ የምታወራው ለእሱ ነበር፤ ሌላ ሰው አልነበራትም። ተቀመጠች።

“ሥራ ደህና ነው” አለችው። “ዛሬ እንኳ ስለ እኔ ይቅርብንና፣ እስቲ እንዴት አድርገህ እንዳሸነፍከው ንገረኝ።”