የኮክ እንጨት ወለባ

ሱፋንግ ከኮክ እንጨት የተሠራችውን የፀጉር ወለባ ከትሪው ላይ አንስታ እጅጌዋ ውስጥ ስትሸጉጥ ማንም አላያትም። የታኦ ገዳሙ መነኩሲቶች ጓሮ ውሃ ያሞቃሉ። ልጇ ዪንሹ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ፀጉሯን ዘርግታ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ዛሬ መምህርት ቼንግ ፀጉሯን አበጥረው፣ አናቷ ላይ ቋጥረው፣ በዚያች ወለባ ሲሰኩላት ልጅቱ የገዳሙ ትሆናለች። ወለባ ከሌለ ደግሞ ቋጠሮ የለም።

ያንን ፀጉር ጎህ ሳይቀድ፣ ለአውቶቡስ መናኸሪያው የምትሸጠው ዳቦ በእንፋሎት እስኪበስል እየጎነጎነች ያሳደገችው ሱፋንግ ናት። አሁን ወልዳ የማታውቅ ሴት ትንካው? ደግሞስ ይኼ ብርድ ሳንባዋን ቢመታት? የገዳሙ ደረጃ በረዶ ሲይዝ ብትንሸራተት ማን ይሰማል?

"እማ፣ ፊትሽ ምነው ጠቆረ?"

"ከስተሽብኝ ነዋ! ገንፎና ጎመን ብቻ ነው የሚያበሉሽ።"

"ኧረ ወፍሬያለሁ! መምህርቷ እንኳ 'በሩን እንዳትሰብሪ' ይሉኛል።"

መምህርቷ፣ መምህርቷ። ቤት እያለች ካፖርት ልበሺ ሲሏት ጆሮ የማትሰጥ ልጅ፣ እሳቸው ሲናገሩ አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች። በስልክም፣ "ታኦ ማለት ሁሉ ነገር የሚሄድበት መንገድ ነው፣ እማ፤ ስም አይበቃውም፤ ሲገፉት ነው የሚጠፋው" ብላት ነበር። ስም የማይበቃው ነገር ልጇን ወሰደባት።

መምህርት ቼንግ እጃቸውን እያደራረቁ ገቡ። ትሪው ባዶ ነው። መነኩሲቶቹ ተንበርክከው ምንጣፍ ይገልጡ ጀመር።

"ተዉት" አሉ መምህርቷ። "ውሃ ድንጋይ ሲገጥመው ይሟገታል? ዞሮ ያልፋል። ከወጥ ቤት ለወለባ የሚሆን አንድ የመብያ እንጨት አምጡልኝ።"

"የመብያ እንጨት?" ሱፋንግ ዘላ ተነሳች። "ልጄ እኮ ናት! ኑድል መሰለችዎት?"

ዪንሹን ሳቅ አመለጣት፤ መምህርቷም ሳቁ። የሱፋንግ እጅ ግን ሳታዝዘው እጅጌዋ ውስጥ ገብቶ ወለባዋን አወጣ። ሳቁ ቆመ። ጆሮዋ ድረስ እየጋላት ስድቡን ጠበቀች።

መምህርት ቼንግ ማበጠሪያውን አቀበሏትና ገለል አሉ። "እርስዎ ያበጥሯት፣ እህቴ። ፀጉሩ የርስዎን እጅ ያውቃል።"

"ቀናች ብለው ነው የሚያሾፉብኝ?"

"እኔ ዝቅ ያለውን ቦታ እወዳለሁ። ውሃም የሚጠራቀመው እዚያ ነው።"

ሱፋንግ አበጠረች። ከዚያ እንደ ልማዷ ጥርሷን ነክሳ ጎትታ ጠመዘዘችው፤ የልጅቱ ቅንድብ ወደ ላይ ተሰቀለ።

"ኧረ እማ! ዓይኔን መጨፈን አቃተኝ እኮ!"

"ካልጠበቀ ይፈታል።"

"ቢፈታ እንደገና ይቋጠራል" አሉ መምህርቷ ከበሩ ሥር ሆነው።

ሱፋንግ ወለባዋን በጥርሷ ይዛ ቆመች። በረዶ የያዘው ደረጃ፣ ነፋስ የበተነው ፀጉር ዓይኗ ላይ መጣባት። ከዚያ ጣቷን ከቋጠሮው ሥር አስገብታ አላላችው፤ ወለባዋንም ቀስ ብላ ሰካች።