ውኃ የሌለበት መድኃኒት

የሺሃረግ መቀመጥ ስላቃጠላት የፎቶ ኮፒ ማሽኗን ተደግፋ ቆማለች። ከእንጦጦ ሸንተረር የወረደው የነሐሴ ደመና ገና በጠዋቱ ኮተቤን አጨልሞታል፤ ማሽኑ ግን ያንኑ የማይደክመውን ነጭ ብርሃኑን እያመላለሰ የክረምት ተማሪዎችን ጽሑፍ ያባዛል። ከነጋ አንድ ጉንጭ ውኃ አልጠጣችም። ይህ መርሳት አልነበረም፤ ለራሷ ያወጣችው ሕግ ነበር።

ሕጉ የተወለደው ከጠብ ነው። በዚያ ረድፍ ላሉት ሱቆች ሁሉ ያለው አንድ መጸዳጃ ቤት ነው፤ እሱም ከጀርባ፣ ከግቢው ጥግ። ማንም ኪሱ ከትቶት እንዳይሄድ ከጉማጅ እንጨት ጋር የታሰረው ቁልፍ የሚንጠለጠለው ከጎኗ ባለው የሰልማ የጨርቅ ሱቅ ነው። የፈለገ ከሰልማ ይቀበላል፣ ጽዳቱም በሳምንት ተራ ይዞራል። ሰኔ ላይ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በሚጎርፍበት ሰሞን፣ የሺሃረግ ተራዋን ዘነጋችው። ሰልማ ወረፋ የያዙትን ተማሪዎች ገለል አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ተራዎ እኮ ነው። ወይስ መምህር ሽንት ቤት አያጥብም?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። የሺሃረግ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ታሪክ ያስተማረች ሴት ናት፤ በተማሪ ፊት መሳቂያ መሆንን አልለመደችውም።

«ያላቆሸሽኩትን አላጥብም! እኔ ከቤቴ እስከ ቤቴ ነኝ። ያንን ጉዳችሁን ረግጬውም አላውቅ!»

ውሸት መሆኑን የረድፉ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሰልማ ግን አልተከራከረቻትም።

«እሺ፣ ወይዘሮ የሺሃረግ። እንዳፍዎ ያድርግልዎ» ብላ ሄደች።

ከዚያን ዕለት ወዲህ «እትዬ» የሚለው የሰልማ ጥሪ ቀረ። የሺሃረግም የገዛ ቃሏ እስረኛ ሆነች። እንዳትሸና አትጠጣም፣ የመጣባትንም እስከ ምሽት ትይዘዋለች። ሰውነቷ ሐምሌን እንደምንም ታገሠ፤ ነሐሴ ሲገባ ማቃጠሉ ጀመረ። በየቅጽበቱ ያጣድፋታል፣ ስትሄድለት ደግሞ የሚወጣት ጠብታ ብቻ ነው፤ ያም እንደ እሳት ይለበልባታል።

በመጨረሻ አፍራም ቢሆን ለቤተሰቧ ተናገረች። ባለቤቷ ለይኩን ለማንኛውም ሕመም አስቀድሞ የተዘጋጀ መልስ ያለው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው።

«ብርድ ነው። ሲሚንቶ ላይ ቆመሽ ስለምትውይ የገባ ብርድ። አብሽ ዘፍዝፈሽ ውኃውን ጠጪው።»

ልጃቸው ጵርስቅላ ከስልኳ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። «ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ ይሄ ኢንፌክሽን ነው። እዚህ ላይ ክራንቤሪ ጁስ ይላል።»

«ክራንቤሪ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቀይ ፍሬ ነገር ናት። እኛ አገር ያለች አይመስለኝም። ብዙ ውኃ ጠጪም ይላል። ካልተሻለሽ ሐኪም ቤት መሄድ አለብሽ።»

«ፍሬዋ እስክትመጣ በርበሬ ትላሳ» አለ ለይኩን፣ በራሱ ቀልድ እየሳቀ።

የሺሃረግ አልሳቀችም። የታዘዘላት ሁሉ ዞሮ ዞሮ ውኃ መሆኑ አድክሟት ነበር። አብሹም ውኃ ነው፣ ለይኩን ቆይቶ የጨመረላት የገብሱም፣ የተልባውም። ውኃ ወደ ሽንት ይሄዳል፣ ሽንት ወደ ቁልፉ፣ ቁልፉ ወደ ሰልማ። ስለዚህ ኃይሉ ያለው በእህሉ ነው፣ ውኃው ተሸካሚ ብቻ ነው ስትል ለራሷ ተሟገተች፤ ለሞኝነቷ ማስረጃ ለማቅረብ እውቀቷ አላነሳትም። አብሹን አወፍራ ዳቦ ላይ ቀባችው፤ ተልባውን ፈጭታ በማር ለወሰችው፤ ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ አኘከች። መድኃኒቱን ሁሉ በደረቁ ዋጠችው።

አንድ ቀን ከሱቋ ፊት ለፊት በቆሎ የምትጠብሰው ታደለች ፊቷን አይታ ጠራቻት።

«እትዬ የሺ፣ አረማመድሽን አይቼዋለሁ። ይኸው ጸጉሩን ሰብስቤልሻለሁ። ቀቅለሽ ውኃውን ጠጪው፤ እኛ አገር ሴቱ ሁሉ በሱ ነው የሚሻለው።»

በፌስታል ውስጥ ያለው የበቆሎ ጸጉር እርጥብና ወርቃማ ነበር።

«አንቺስ ጠጥተሽው ታውቂያለሽ?»

«እኔ?» ታደለች ማራገቢያዋን ጣል አድርጋ ሳቀች። «ጠጥቼ የት ልሸናው? የሱቅ ሰው አይደለሁ፣ ማን ቁልፍ ይሰጠኛል? እኔ እኮ ሲመሽ ነው ሰው የምሆነው!»

የሺሃረግ ሳቋን በሳቅ መልሳ ገባች። የበቆሎውን ጸጉር ግን አልቀቀለችውም፤ አድርቃ ወቀጠችውና በማንኪያ ላሰችው።

ሕመሙ ወደ ጎኗ የወጣው በዚያው ሳምንት ነው። ከወገቧ በላይ የሆነ ነገር ሰርስሮ ይወጋታል፤ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ላቧ ግን ይንቆረቆራል። ጽሑፏን ልታስጠርዝ የመጣች ተማሪ «እትዬ፣ ደኅና ነዎት?» ስትላት ማሽኑን ይዛ ጎንበስ አለች። ከዚያ በላይ መያዝ እንደማትችል በድንገት ገባት። አንድም እዚያው፣ በተማሪዋ ፊት፤ አንድም ሰልማ ዘንድ።

ሰልማ ጨርቅ እየለካች ነበር። ቀና ብላ አየቻትና ሜትሯን ሳታነሳ «ምን ልታዘዝ፣ ወይዘሮ የሺሃረግ?» አለች።

«ቁልፉን።»

«ከቤቴ እስከ ቤቴ ነኝ አላሉም ነበር?»

«ዋሽቼ ነው። ስጪኝ፣ ሰልማ።»

ሰልማ ያን ጊዜ የፊቷን ላብ አየች። ለዚህ ቀን ያዘጋጀችው ንግግር እንደነበራት ያስታውቃል፤ ግን ዋጠችው። ቁልፉን ከምስማሩ አውርዳ ሰጠቻትና ተከተለቻት። የሺሃረግ ስትወጣ በሩ ላይ በጆግ ውኃ ይዛ ቆማ አገኘቻት።

«ደም አለበት» አለች የሺሃረግ፣ እጇን እየታጠበች፣ የሌላ ሰው ወሬ እንደምታወራ ሁሉ።

«አላህ! በሉ ጤና ጣቢያ እንሂድ፣ ሱቁን ዘግቻለሁ።»

ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪዋ ልጅ ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ ሰጠቻት። የሺሃረግ ይዛው ገባች፣ ባዶውን ይዛው ወጣች። ሁለት ወር ሙሉ ስትገድበው የኖረችው ነገር በተፈለገበት ሰዓት አልመጣ አለ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሰልማ ከደጅ የታሸገ ውኃ ገዝታ መጣችና ክዳኑን ከፈተችላት።

«ይጠጡ፣ እትዬ።»

ጠጣች። ውኃው ጉሮሮዋን ሲያልፍ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከደስታም ከጸጸትም አልነበረም፣ ከድካም ብቻ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ብዙ ጠበቁ። ሰልማ አንዴ «እኔም እኮ በተማሪ ፊት መናገር አልነበረብኝም» አለች፣ ወደ ግድግዳው እያየች።

ሐኪሟ ከሷ ያልተናነሰ የደከማት ወጣት ነበረች። ውጤቱን አንብባ፣ ጎኗን መታ መታ አድርጋ፣ ቤት ውስጥ ምን እንደወሰደች ጠየቀቻት። የሺሃረግ ሁሉንም ነገረቻት።

«አብሽና ተልባው በልክ ከሆነ ምግብ ነው። ይሄንን ግን አያድንም፤ ወደ ኩላሊት ወጥቷል። መርፌው ዛሬ ይጀመራል፣ ኪኒኑ እስኪያልቅ አይቋረጥም። ውኃ ይጠጡ፣ ሽንት አይያዙ።» ቀና ብላ አየቻት። «ለምን ነበር በደረቁ?»

«ቁልፍ ላለመጠየቅ» አለች የሺሃረግ። ሐኪሟ አልገባትም፤ የሺሃረግንም ማስረዳቱ ከበዳት።

ሱቋን እንደገና ስትከፍት ሰልማ ቁልፉን ከነጉማጁ አምጥታ ማሽኑ ላይ አኖረችው።

«እርስዎ ዘንድ ይዋል። በየደቂቃው እኔ ዘንድ ከሚመላለሱ ይሻላል።»

የሺሃረግ ያለፈባትን ተራ አጠበች። ወገቧ ገና አልጸናምና በየመሐሉ መጥረጊያውን ተደግፋ እያረፈች ነው የጨረሰችው። ስትመለስ ዝናቡ ካፊያ ሆኖ ነበር። ታደለች ከላስቲኳ ሥር ኩርምት ብላ ከሰሏን ታራግባለች፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የሺሃረግ ያንን ከንፈር ክረምቱን ሙሉ በመስተዋት ስታየው ከርማለች፤ የገዛ ራሷ ከንፈር ነበር። ቁልፉን ይዛ ወጣች።

«እንቺ።»

«ምንድን ነው እሱ? እኔ የሱቅ ሰው አይደለሁም፣ እትዬ።»

«ሂጂ። በቆሎውን እኔ አገላብጥልሻለሁ።»

«ሰልማስ?»

«ሰልማን ለኔ ተይልኝ። ተራ ትገቢያለሽ፣ ታጥቢያለሽ። በይ ተነሽ።»

ታደለች ጉማጁን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ዞር ዞር እያለች ወደ ጓሮው ሄደች። የሺሃረግ ባዶ በተተወችው በርጩማ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ ዓይኗም ከሰሉ ላይ ቀረ። እጇ በቆሎውን ማገላበጡን ረስቶ ነበር።

«እትዬ!» አለች ሰልማ ከበሯ ላይ። «ኧረ አሳረሩባት!»