ሼልቢ ያልገባችበት ዩኒቨርሲቲ

ሼልቢ ስታምፐር ከሁለት ቦታ ተቀበልንሽ ተብላ ነበር። አንደኛው አራት ሰዓት የሚያስነዳው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሁለተኛው ከቤቷ አሥራ አምስት ደቂቃ የሚርቀው የሁለት ዓመት ኮሌጅ። የዌስት ቨርጂኒያ ሰው መቼም ምላሱ አያርፍም፤ ያንን ኮሌጅ የሚጠራው «አሥራ ሦስተኛ ክፍል» እያለ ነው። ልጅቷ ደግሞ ሐሳቧ የሳንባ ሐኪም መሆን ነው።

ምክንያቷም እቤቷ ተቀምጧል። አባቷ ዴልበርት ሠላሳ ዓመት ከሰል ሲቆፍር ኖሮ ሳንባውን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ትቶ የወጣ ሰው ነው። የኦክስጅኑን ቱቦ አፍንጫው ላይ ሰክቶ ከወንበር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ነው ኑሮው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሱ፣ እሷና ውሻቸው ብቻ ናቸው።

«ዩኒቨርሲቲ ትሄጂያለሽ፤ ሌላ ወሬ አልሰማም» ይላታል።

«አንተስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ? ወንበሩ ጥሎኝ አይሄድ።»

በመጋቢት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኩሽናው ወለል ላይ ወድቆ አገኘችው። ቱቦው ወልቋል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ተንበርክካ መልሳ ሰካችለት። ነፍስ ሲዘራ የመጀመሪያ ቃሉ «ለዋንዳ እንዳትነግሪ» ነበር። ዋንዳ ኦሃዮ የምትኖረው ታላቅ እህቱ ናት። «እሷ ቤት ከምኖር እዚሁ ቅበሩኝ» እያለ ሲምል ሼልቢ ስንቴ ሰምታዋለች።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠችና ለዩኒቨርሲቲው «አልመጣም» የሚለውን ተጫነች። ለአባቷ አልነገረችውም። እንደሚቆጣ ታውቃለችና የሚመች ቀን ስትጠብቅ ከረመች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ለእንዲህ ያለው ወሬ የሚመች ቀን እኮ ከየትም አይመጣም።

በግንቦት የመጀመሪያ ቀን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ወላጅ በተሰበሰበበት የስፖርት አዳራሽ በየተራ እየወጡ የሚሄዱበትን ትምህርት ቤት በማይክሮፎን ይናገራሉ። ዩኒቨርሲቲ ያለ አዳራሹ ይናጋለታል። ኮሌጁን ያለ ለይሉኝታ ያህል ጨብ ጨብ ይደረግለትና ይቀመጣል። ሼልቢ አባቷ ይመጣል ብላ አላሰበችም፤ ከቤት ከወጣ ወር አልፎታል። ተራዋ ደርሶ ማይክሮፎኑን ስትይዝ በር ላይ አየችው። የኦክስጅን ሲሊንደሩን በትንሽ ጋሪ እየጎተተ፣ ጎረቤታቸው ደግፎት ገባ። ራሱ ላይ የዩኒቨርሲቲው ኮፍያ፣ ደረቱ ላይ «የተማሪ አባት» የሚል ካናቴራ።

ምን ትበል? ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ እሱ እንዲያ ለብሶ ቆሞ፣ አሥራ ሦስተኛ ክፍል ነኝ ትበል? የዩኒቨርሲቲውን ስም ጠራች። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጋ አባቷ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት።

መኪናውን ወደ ቤት እየነዳች ልትነግረው አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«እኔም የምነግርሽ አለኝ። ቤቱን ለቅቄያለሁ።»

«ለቅቄያለሁ ማለት?»

«ለአከራዩ ነገርኩት፤ ሌላ ሰው አግኝቶበታል። ሰኔ ላይ ዋንዳ መጥታ ትወስደኛለች።»

«ዋንዳ? አባዬ፣ ከእሷ ጋር ሁለት ቀን አትውልም እኮ።»

«ውሻ አይገባም ብላለች፤ ለጎረቤት ሰጥቼዋለሁ። እሁድ ቴሌቪዥን የለም። ምን ይደረግ፣ ይሁን። እኔን ብለሽ እዚህ እንዳትቀሪ ነው።» ትንፋሹን ሰብሰብ አደረገ። «እዚያ ጉድጓድ በመግባቴ ሳልቆጭ የዋልኩት ዛሬ ነው።»

ከዚህ በኋላ ማን አፍ አለው? ዋጠችው።

ሰኞ ዩኒቨርሲቲው ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሴት ደግ ነበረች፤ ቦታው ግን ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። «ኮሌጁን ሁለት ዓመት ተማሪና ተዛውረሽ ትመጫለሽ» አለቻት። አከራዩ ጋም ደወለች፤ ከአዲሶቹ ተከራዮች ጋር ተፈራርሟል። ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስትል ሰኔ ገባ፤ ዴልበርትም ወደ ኦሃዮ ተወሰደ።

ሼልቢ ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ኮሌጁን ጀመረች። የሚያናድደው ነገር፣ ኮሌጁ መጥፎ አልነበረም። የባዮሎጂ አስተማሪዋ ጎበዝ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሃያ ልጅ ቢሆን ነው፤ ሁሉንም በስም ይጠራቸዋል። አባቷ ወንበሩ ላይ ሆኖ ቢጠብቃት፣ ቦሎቄያቸውን በበቆሎ ዳቦ አብረው ቢበሉ ምን ይጎድላት ነበር? አሁን የጎደለው እሱ ብቻ ነው። ኮሌጁን የመረጠችው ደግሞ ለእሱ ብላ ነው።

እሁድ እሁድ ይደውላል።

«ላይብረሪው እንዴት ነው?»

«ስድስት ፎቅ ነው አባዬ።» ይህን ያነበበችው ዩኒቨርሲቲው ድሮ በላከላት መጽሔት ላይ ነው።

«ታድለሽ። እኔ እዚህ የምስለው እንኳ አስፈቅጄ ነው» ይልና ይስቃል። ሳቁ ከሳምንት ሳምንት እያጠረ መጣ። እሷም ይሰማታል፤ ይሰማታልና ስልኩን ስትዘጋ ታለቅሳለች።

በጥቅምት አንድ እሁድ ከወትሮው ቀደም ብሎ ደወለ። ደስታው ከድምፁ ያስታውቃል።

«ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲሽ የወላጆች ቀን ነው አሉ። የዋንዳ ልጅ ሊያመጣኝ እሺ ብሏል። ከመጣሁ ጀምሮ ከሐኪም ቤት በቀር የትም አልሄድኩም እኮ ልጄ። ፀጉሬንም ተቆረጥኩ። የትኛው በር ላይ ትጠብቂኛለሽ?»

ሼልቢ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አሞኛል ልትለው አሰበች፤ ፈተና አለብኝ ልትለው አሰበች። ለሚመጣው ዓመትስ ምን ልትል ነው? በዚያ ሳንባ ደግሞ ለሚመጣው ዓመት ማን ዋስ ይሆናል?

«አባዬ፣ አትምጣ። እዚያ የለሁም።»

«የት ነሽ ታዲያ?»

«እዚሁ፣ አገራችን። ኮሌጁ ነው የገባሁት። ዩኒቨርሲቲውን የተውኩት መጋቢት ላይ ነው፣ ወድቀህ ባገኘሁህ ማግስት። ትቼህ መሄድ አቃተኝ።»

የኦክስጅኑ ማሽን ሲተነፍስ ይሰማታል። ከኋላው ዋንዳ ጫማውን ከምንጣፉ ላይ እንዲያነሳ ትነዘንዘዋለች። ሼልቢ ስድብ ጠበቀች፤ በሰደባትም ደስ ባላት።

«እና» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»