የጥሩሐረግ ዳማከሴ

ካሤ ዶማውን ከዳማከሴዋ ሥር ሊያሳርፍ ሲል ማስተዋል ከለቅሶው ዳስ ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«ይቺን የሚነቅላት የለም፣ አጎቴ።»

«እህቴን ገድላታለች» አለ ካሤ እያሳለ። «ሰው ሁሉ የሚለውን አልሰማሽም?»

ሰምታለች። እናቷ ጥሩሐረግ ከተቀበረች ጀምሮ ለቀስተኛው ንፍሮውን እየዘገነ ያንኑ ሲያንሾካሹክ ነው የሚውለው፤ የአገሩን ጉንፋን ስታክም የኖረች ባለመድኃኒት ቅጠሏን ታምና ሞተች፣ ራሷን ማዳን አቃታት እያለ። ማስተዋልን ከሁሉ ያንገበገባት ይኼ ነው።

ጥሩሐረግ አድናለሁ ብላ አታውቅም። ከጋዝጊብላ መንደሮች እያሳለ የሚመጣውን ሁሉ በመጀመሪያ ጀርባውን አዙራ ጆሮዋን ትለጥፍበታለች። ትንፋሹ ደህና ከሆነ ዳማከሴ ጨምቃ ታሸተዋለች፤ ባሕር ዛፍ አፍልታ በእንፋሎቱ ታጥነዋለች። ደረቱ ሲንኮረኮር ከሰማች ግን፣ «ይኼ የእኔ አይደለም፤ ቅጠሌ አፍንጫ ይከፍታል እንጂ ሳንባ አያክምም» ብላ ወደ ጤና ጣቢያ ትሰደዋለች። ባዶ እጁን እንዳይሄድ ጥቂት ቅጠል መዳፉ ላይ አድርጋ ጣቶቹን ታጥፍለታለች።

«ትንፋሽ ሲያጥራት ሐኪም ቤት ውሰዱኝ አላለችም?» አለች ማስተዋል፣ ዳሱ ውስጥ ያሉት እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «በቅሎዋን ጭኜ ነበር። ባለመድኃኒት ሐኪም ቤት ሄደች ከምንባል ለነገ ይደር ብለው ኮርቻውን ያወረዱት እርስዎ ነዎት። ቅጠሏ ምን አደረገች?»

ካሤ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሳል ቀደመው። ዶማውን ተደግፎ ጎንበስ አለ፤ ሳሉ ግን አልለቀው አለ።

ማስተዋል ጠላችው። እንደ ጠላችውም ከኋላው ዞራ፣ ጋቢውን ገልጣ፣ ጆሮዋን ጀርባው ላይ ለጠፈች።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ዝም ብለው ይተንፍሱ።»

ውስጡ ይንኮረኮራል።

«ቅጣው» አለች ወደ ጎረቤታቸው ዞራ፣ «በቅሎዋን ጫናት። አጎቴን ጤና ጣቢያ አድርስልኝ፤ አሁኑኑ።»

«በእህቴ ሐዘን መካከል? ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል። እናቴ የሞተችው ሰው ምን ይላል ሲባል ነው።»

ካሤ ዶማውን ለቀቀ። ማስተዋል ከዳማከሴዋ ቀንበጥ ቀነጠሰች፤ አሸት አድርጋ መዳፉ ላይ አኖረችና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት።

በቅሎዋ ቁልቁለቱን ከወረደች በኋላ ንፍሮ ሊቀርብ ከለቀስተኞቹ አንዷ እናትነሽ የእጅ ውሃ ይዛ መጣች። ማስተዋል በቅጠሉ የረጠቡትን ጣቶቿን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። የእናቷን እጅ ይሸታሉ።

«እኔ አልታጠብም» አለች፤ እጇንም ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።