ሃያ ቀን ቆላ

ጨዋታው ሃያኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ የተራራዋ የማዕድን ከተማ የቆልቄማርካ ቡድን ግራ ተከላካይ ጉልበቶቹን ጨብጦ አጎነበሰ። ኳስ አልመታውም፤ ሰውም አልነካውም። አፉን ከፍቶ ሣሩን ያያል። አሰልጣኙ ሄናሮ ቪልካ ይህን አጎነባበስ ያውቀዋል። ከቆላ ለጨዋታ የሚወጡ እንግዶች ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሆኑት። እዚሁ አራት ሺህ ሜትር ላይ ተወልዶ እዚሁ ኳስ የጀመረ ልጅ እንዲህ ሲሆን ግን አይቶ አያውቅም።

ከዚያ የመሐል ተጫዋቹ ቆመ። ከዚያ ሁለቱም አጥቂዎች።

"ኧረ ሩጡ!" ብሎ ጮኸ አንድ ማዕድን ቆፋሪ ከሜዳው የሽቦ አጥር ጀርባ። "ሚስቶቻችሁ ናቸው እንዴ ያደከሟችሁ?"

ሰው ሳቀ። ገና የሚሳቅበት ሰዓት ነበር።

ሄናሮ አልሳቀም። ምን እንደሠራ በዚያች ቅጽበት ገባው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡድኑ ከዋናው ሊግ ላለመውረድ ከአንድ የቆላ ቡድን ጋር ሁለት ጨዋታ ቀረው፤ አንዱ እዚያ፣ አንዱ እዚህ። በሁለቱ ድምር የተሸነፈ ይወርዳል። ቆልቄማርካ በሜዳዋ በቀላሉ አትሸነፍም፤ የስታዲየሙ በር ላይ "እንኳን ደህና መጣችሁ፤ አየር ግን ይዛችሁ ኑ" ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ችግሩ ሁልጊዜ ቆላው ነው። እዚያ ሲወርዱ ሙቀቱ እንደ ቅቤ ያቀልጣቸዋል፤ አራትና አምስት ግብ ተሸክመው ይመለሳሉ። ሄናሮ ታዲያ ማንም ያላሰበውን አሰበ። ሙቀቱን ይልመዱት ብሎ ልጆቹን ሃያ ቀን ቀደም አድርጎ ቆላ አወረዳቸው። ለመዱትም። ረቡዕ ዕለት አንድ ለአንድ ወጡ። የሬዲዮው ዘጋቢ አየር ላይ አለቀሰ። ቅዳሜ አውቶቡሱ ተራራውን ወጥቶ ሲደርስ ከተማው በሙዚቃ ጓድ ተቀበላቸው። የቀረው እሁድ በሜዳቸው ማሸነፍ ብቻ ነበር።

ከመሄዳቸው በፊት የተናገረ አንድ ሰው ነበር፤ ሳቱርኒኖ። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ጠዋት ማዕድን ጉድጓድ ይገባል፣ ከሰዓት ልምምድ ይመጣል።

"መምህር፣ ሳንባ ውለታ ቢስ ነው" አለው በተጫዋቾቹ ፊት። "ሃያ ቀን ከተለየኸው ይረሳሃል።"

"የረሳህስ ጉልበትህ ነው" አለ ሄናሮ። "ከፈራህ እዚሁ ቅርና አካፋህን ጨብጥ።"

ልጆቹ ሳቁ። ሳቱርኒኖ ቀረ። ዛሬ ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሁለት ሰው ስለተጎዳ፣ ቁጥር ለመሙላት ነው።

ቆለኞቹ እንደ ልማዳቸው ጨዋታው ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ደረሱ። የተራራው ሕመም ሳይይዛቸው ተጫውተው ሊወርዱ ነው። የሄናሮ ልጆች ግን ከትናንት ጀምሮ እዚህ ናቸው። ሕመሙ ደግሞ የሚያንቀው በማግስቱ ነው።

በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ የመጀመሪያው ግብ ገባ። በአርባኛው ሁለተኛው። የሚስቅ ጠፋ።

በእረፍት ሰዓት ተጫዋቾቹ የመልበሻ ክፍሉ ሲሚንቶ ላይ ተዘረሩ። ጥግ ላይ አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር አለ፤ ክለቡ ለእንግዳ ቡድን ብሎ ያስቀመጠው፣ "ለቆለኞች፣ ከአክብሮት ጋር" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት። ስንት ዓመት ተስቆበታል። አሁን የቆልቄማርካ ልጆች ጭምብሉን አንዱ ከሌላው አፍ ላይ ይነጥቃሉ። ግብ ጠባቂው ባልዲ ውስጥ አስታወከ።

ሄናሮ ያዘጋጀው ንግግር ነበር። ጠፋበት። ሄዶ ሳቱርኒኖ ፊት ቆመ።

"ሳቱርኒኖ፣ ግባልኝ።"

"የት? ጉድጓድ ነው ሜዳ?" አለ ሳቱርኒኖ ቀና ሳይል። "አካፋዬን ቤት ትቼዋለሁ።"

"ወንድሜ፣ በእናትህ።"

"በራስህ እናት ለምነኝ እንጂ። የኔዋ ምን አደረገችህ?"

ሄናሮ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ለምን እናቱን እንዳነሳበት ያውቃል። እዚሁ ተወልዶ የተጫዋችነት ዘመኑን፣ አሥራ አምስት ዓመት፣ ቆላ ነው ያሳለፈው፤ ፎቶው ጋዜጣ ላይ እየወጣ፣ ሕፃናት በስሙ እየተጠሩ። እናቱ ስትሞት ለቀብር መጣ። የመቃብሩ ዳገት አጋማሽ ላይ ሣጥኑን ለሳቱርኒኖ ትከሻ አስረክቦ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቴ ነው፣ የቆየ ጉዳት ነው አለ። ለጠየቀው ሁሉ እንዲያ አለ። ሲደጋግመው እሱም አመነው።

"ጉልበቴ አልነበረም" አለ አሁን። በሹክሹክታ ሊናገር ነበር የፈለገው፤ ክፍሉ ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማ። "ትንፋሼ ነው ያለቀው። የገዛ እናቴን ዳገት ላይ ተውኳት። አውቅ ነበር፣ ሳቱርኒኖ። እያወቅኩ ነው ልጆቹን ያወረድኳቸው።"

ሳቱርኒኖ የጫማውን ክር አጠበቀ።

"እኔም ያኔውኑ አውቄአለሁ" አለ። "ጉልበቱን የታመመ ሰው አፉን አይከፍትም።"

ተነስቶ ወደ ሜዳ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የታየውን ቆልቄማርካ ውስጥ ዳግመኛ ማየት የሚፈልግ የለም። ሰባኛው ደቂቃ ላይ ቆለኞቹም ደከሙ። ሁለቱም ቡድን እንደ ለቀስተኛ በእርምጃ ይሄድ ጀመር። የሚሮጠው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። ኳስ ይቀማል፣ የሚያቀብለው ያጣል፣ ራሱ ይዞት ይሄዳል። በሰባ ስምንተኛው ደቂቃ ጠልፈው ጣሉት። ቅጣት ምቱን ራሱ መታው፤ ገባ። ሁለት ለአንድ። ማዕድን ቆፋሪዎቹ ከኮረብታው ላይ ድማሚት አፈነዱ፤ የተቀያሪ ወንበሩ ጣሪያ ተንቀጠቀጠ።

አንድ ግብ ብትገኝ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ይሄዳሉ። ሄናሮ መስመሩ ላይ ተንበርክኮ "አንድ! አንዲት ብቻ!" ይላል። ድምፅ ግን አልወጣውም። ሃያ ቀን ቆላ የከረመው እሱም ነው።

በዘጠናኛው ደቂቃ ሳቱርኒኖ የማዕዘን ምት አሻማ። ሦስት የቆልቄማርካ ልጆች ግቡ ፊት ቆመዋል። ኳሷ ከራሳቸው አንድ ስንዝር ከፍ ብላ አለፈች። መዝለል ነበረባቸው። ማንም አልዘለለም። አንገታቸውን ብቻ ቀና አድርገው አዩዋት፤ እንደ ወፍ።

ዳኛው ነፋ። ክለቡ ወረደ።

የክለቡ ፕሬዚዳንት ዶን ዋልዶ ሄናሮን በክንዱ ያዘው። "በኋላ በር ውጣ። ሰዉ ሽቦውን ጥሶ እየመጣ ነው፤ ድንጋይ ይዘዋል።"

"ሳቱርኒኖስ?"

"እሱን ማን ይነካዋል? የሚፈልጉት አንተን ነው። ሩጥ!"

የኋላው በር ወደ ላይኛው መንገድ በድንጋይ ደረጃ ያወጣል። ስድሳ ደረጃ ነው። ሄናሮ አሥራ ሁለቱን ወጣ። አሥራ ሦስተኛው ላይ ዓይኑ ጨለመበትና ተቀመጠ። ከታች የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ፤ የማይቸኩል ኮቴ።

ደረሱ። ቆፋሪዎች የሥራ ቆባቸውን እንዳጠለቁ፣ ሴቶች በሰፊ ቀሚሳቸው፣ ድንጋይ በእጃቸው። ከፊት ዶኛ ፕሪሚቲባ የሚባሉት አሮጊት አሉ፤ ስታዲየሙ ሥር ትኩስ የበቆሎ መጠጥ የሚሸጡ፣ የእናቱ ጎረቤት የነበሩ።

አንድ ጎልማሳ ድንጋዩን አነሳ። "ተነስ፣ አንተ ቆለኛ!"

ሄናሮ ሊመልስ አፉን ከፈተ። የወጣው ፉጨት ብቻ ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል።

"ቆይ" አሉ ዶኛ ፕሪሚቲባ። "መጀመሪያ ይተንፍስ።"

"እሱ እስኪተነፍስማ ይመሻል!"

"ይምሽ። እኔ የምጠይቀው አለኝ፤ እንዲህ ሆኖ አይመልስልኝም። የኔ ልጅ ከቆላ በመጣ ቁጥር ሦስት ቀን ከአልጋ አይነሳም። ልጁ ቆላ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። አንዴ፣ አንዴ እንኳ፣ አንዳችንን ቢያማክር ምን ነበረበት? ይህን ነው የምጠይቀው።"

ሰዎቹ ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ ከበላዩም ከበታቹም ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ድንጋዮቹን አልጣሉም። አንዱ ሲጋራ ለኮሰ።

"አጥፋው" አሉት ዶኛ ፕሪሚቲባ። "አየሩን አትጨርስበት።"

አጠፋው።

ሄናሮ መልሱን ያውቀዋል፤ አንዱን ቢያማክር ያኔ ዳገቱ ላይ የከዳው ጉልበቱ ሳይሆን ትንፋሹ እንደሆነ ይታወቅበት ነበር። ትንፋሹ ቀስ በቀስ እየተመለሰ እንደሆነም ይሰማዋል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ የቻለውን ያህል በዝግታ መተንፈስ ጀመረ።